«የእብድ መድኃኒት ነው የሰጡኝ»፦ ስለ ድባቴ መድኃኒትና የጎንዮሽ ጉዳቱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋሮቢት ለቀጠሮ የመጣ ሰው ማዘዣውን ይዞ በእኛ በኩል ያልፋል። ወገቡን ወይም እግሩን ለዓመታት ሲያመው የኖረ፣ በዚያ ላይ ጭንቀት የተደረበበት ሰው ብዙ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሐኪም አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሎክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ሊያዝ ይችላል። ሦስቱም የድባቴ መድኃኒቶች ናቸው።

ከዚያ ወሬው ይጀምራል። ጎረቤት አንድ ይላል፣ አማት ሌላ ትላለች፣ ቲክቶክም የራሱን ይጨምራል። አንዱ በሳምንቱ ይጥለዋል። ሌላው አፉም ሆዱም ደርቆ፣ ትንፍሽ ሳይል ችሎ ይከርማል። ሁለቱም ለሐኪሙ አይናገሩም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ዝምታ ነው፤ አብዛኛው ችግር መላ አለውና።

«ያመመኝ ወገቤ፣ የሰጡኝ የእብድ መድኃኒት»

አንዲት እናት በቀደም ማዘዣቸውን መስኮቱ ላይ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጭንቅላቴን ነው የጠረጠሩት?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ የእግርዎን መንዘር ነው ያከሙት።»

አላመኑኝም። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕመም ከእግር ወይም ከወገብ ተነስቶ በአከርካሪ በኩል ወደ አንጎል ይወጣል። አንጎልም ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በዚያው በአከርካሪ በኩል ሕመሙን የሚያበርድ መልእክት ወደ ታች ይልካል። የጣርማበርን ቁልቁለት እንደሚወርድ አይሱዙ ፍሬን ነው። ሕመም ዓመታት ሲቆይ ፍሬኑ ይላላል። ለፍሬኑ ከሚያስፈልጉት ንጥረ ነገሮች መካከል ሴሮቶኒንና ኖርኤፒነፍሪን ይገኛሉ። እነዚሁ ሁለቱ በስሜትና በጭንቀት ላይም ይሠራሉ። አሚትሪፕቲሊን ሁለቱንም ከፍ ያደርጋል፤ ለዚህ ነው ለሚያቃጥል፣ ለሚወጋና ለሚነዝር የነርቭ ሕመም፣ ሚግሬን ለመከላከልም የሚታዘዘው።

መጠኑም ይለያል። ለሕመም ብዙ ጊዜ ማታ ማታ ከ10 ወይም ከ25 ሚሊግራም ይጀመራል። ለድባቴ ግን 75፣ አንዳንዴም 150 ሚሊግራም ይደርሳል። ሁሉም የድባቴ መድኃኒት ግን ሕመም ያስታግሳል ማለት አይደለም። ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን የሚበረቱት በድባቴና በጭንቀት ላይ ነው። «ይሄ የተሰጠኝ ለየትኛው ሕመሜ ነው?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

እማማ በመጨረሻ ወሰዱት። «ለጎረቤት ግን የወገብ ነው እላለሁ» አሉኝ። ይበሉ!

«ሳምንት ዋጥኩት፤ አፌን አደረቀኝ እንጂ ምንም አልሠራልኝ»

ይሄኛውን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቱ ይቀድማል፣ ጥቅሙ ዘግይቶ ይመጣል። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ድብርብር ማለት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀንሳሉ። የስሜቱና የጭንቀቱ ለውጥ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በሳምንቱ ያቆመ ሰው ዕዳውን ከፍሎ ዕቃውን ሳይወስድ ሄደ ማለት ነው።

ጭንቀት ላለበት ሰው ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን መጀመሪያ ላይ ራሳቸው ሊያቅበጠብጡ፣ እንቅልፍ ሊነሱ ይችላሉ። የልቡን ምት ሲቆጥር የሚያድር ሰው ይህን ሲያይ «አለቀልኝ» ይላል። ቀድሞ ከተነገረው ግን ይችለዋል። ሐኪሙም በግማሽ መጠን አስጀምሮ ቀስ እያለ ሊጨምር ይችላል።

አሁን ወደ መላው።

አፍ ሲደርቅ ውኃ ጎንጨት ጎንጨት ማለት፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ። ከረሜላ መምጠጥ ጥርስ ይጨርሳል፤ ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ቶሎ ይበላሻልና።

የሆድ ድርቀት ሲመጣ ገብስ አገራችን ነው። በሶ፣ ቂንጬ፣ ጎመን፣ ተልባ፤ ከዚያ ውኃ። በደብረ ብርሃን ብርድ ውኃ የሚጠጣ ሰው ጥቂት ስለሆነ ይሄን ደጋግሜ እናገራለሁ። ካልሆነ የሚያለሰልስ መድኃኒት አለ።

ብድግ ሲሉ የሚያዞር ከሆነ በአሚትሪፕቲሊን የተለመደ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀምጦ መነሳት ይበጃል። እኔን የሚያሳስቡኝ ሌሊት ለሽንት ደጅ የሚወጡ አዛውንት ናቸው። ጨለማ፣ ብርድ፣ ማዞር፤ ከዚያ የዳሌ ስብራት። ባትሪና ከዘራ ከአልጋቸው አጠገብ ይሁን፤ ማዞሩም ለሐኪሙ ይነገር።

ጠዋት የሚያደነዝዝ ከሆነ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲውን ጠይቆ ሰዓቱን ቀደም ማድረግ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይወሰድ የነበረው 2 ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል። ሹፌር ከሆናችሁ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርጋችሁ ሳታውቁ በጣርማበር ጭጋግ ውስጥ መሪ አትያዙ።

ፍሎክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ካቅለሸለሸ ከምግብ ጋር ይወሰድ። ፍሎክሰቲን እንቅልፍ ከነሳ ጠዋት ይሻላል።

«ሲያመኝ ብቻ እውጣታለሁ»

ይህ ፓራሲታሞል አይደለም። በየቀኑ ካልተወሰደ አይሠራም። አንድ ቀን ቢረሳ በማግስቱ ሁለት አይዋጥም፤ በተለመደው ሰዓት አንዱን መቀጠል ነው።

«ጸበል ከገባሁ መድኃኒት አልነካም»

ጻድቃኔ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ሱባኤ የሚገባ ሰው በየጊዜው እናያለን። እምነቱን የሚነካ ነገር አልናገርም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ኪኒኑን ቤት ጥሎ ሁለት ሳምንት የሚቆይ ሰው በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ያዞረዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። እሱም አጠገቡ ያሉትም ሌላ ትርጉም ይሰጡታል። ብዙ ጊዜ ግን መድኃኒቱ በድንገት በመቋረጡ የመጣ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለዚህኛው መድኃኒትም ሐሳቡ ያስኬዳል። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ጾምም ቢሆን መላ አለው። አሚትሪፕቲሊን ማታ ስለሚወሰድ ከጾም ጋር አይጋጭም። በባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሸውን በዐቢይ ጾም ከ9 ሰዓት በኋላ ከምግብ ጋር፣ በረመዳን በኢፍጣር ወይም በሱሑር መውሰድ ይቻላል። ዋናው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መውሰድ ነው።

«ሕመሙ ሲብስ ማስታገሻ ብጨምርበት ምን አለው?»

አለው እንጂ! ሕመም የጠናበት ሰው በአንድ እጁ ፍሎክሰቲን፣ በሌላው ትራማዶል ይይዛል። ሁለቱን የጻፉት ሁለት የተለያዩ ሐኪሞች ናቸው፤ አንዱ ስለሌላው አያውቅም። ትራማዶል ከድባቴ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒን ከመጠን በላይ ሊጨምር ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ላብ፣ መቅበዝበዝ፣ የጡንቻ መገታተር ከታየ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። የሚጥል ሕመም ዓይነት መንፈራገጥም ሊያስነሳ ይችላል።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከፍሎክሰቲን ወይም ከሰርትራሊን ጋር ሲሆኑ ጨጓራ የመድማት ዕድሉን ይጨምራሉ። «መርፌውን ብቻ ተወጋሁ» ማለት አያድንም፤ በመርፌም ቢሆን ያው ነው። ሰገራ ከጠቆረ በፍጥነት ሐኪም ቤት።

የከተማችን አረቄ ስሙ የታወቀ ነው። አሚትሪፕቲሊን ላይ ሲደረብ ግን ድንዛዜውንና መውደቁን ያብሳል። ጫት ደግሞ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ መድኃኒቱ ያበረደውን ጭንቀት መልሶ ይቆሰቁሰዋል።

«ይሄ ለሐኪም አይነገርም»

ይነገራል። ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን የወሲብ ፍላጎት ሊቀንሱ፣ እርካታን ሊያዘገዩ ይችላሉ፤ ለወንድም ለሴትም። ባለትዳሮች በዚህ ምክንያት ሲኮራረፉ፣ ባልየው መድኃኒቱን በድብቅ ሲጥል አይቻለሁ። መጠን መቀነስ ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት መቀየር ሊረዳ ይችላል። «የሚያሳፍር ነገር ነበረኝ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ሐኪሙ ይጨርሰዋል።

ሽንት እምቢ ካለ፣ በተለይ ፕሮስቴት ላለባቸው አባቶች፣ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ወይም የልብ ሕመም ያለበትም አሚትሪፕቲሊን ከመጀመሩ በፊት ይናገር።

ከሁሉም በላይ ግን፣ «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ከ25 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች ላይ መድኃኒቱ ሲጀመርና መጠኑ ሲቀየር ይህ ሐሳብ ሊነሳ ስለሚችል ቤተሰብ ዓይኑን አይንቀል። ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ማድረስ፣ ኪኒኑንም ሌላ ሰው እንዲይዝለት ማድረግ ነው። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብን ያቆማል። ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ የምንለውም ለዚህ ነው።

«ሱስ ሳይሆንብኝ፣ ተሽሎኛልና ላቁመው»

ሱስ አይደለም። የጫት ሱስ ያለበት ሰው ያምረዋል፣ መጠኑን ይጨምራል፤ ሰርትራሊን አምሮት የሚያድር ሰው ግን አላየሁም። ቢሆንም ሰውነት ይለምደዋል። በድንገት ሲቆም ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቁጡነት፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካ ያህል ንዝረት ይመጣል። ፍሎክሰቲን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ይህ በእሱ ላይ ቀለል ይላል።

ለድባቴና ለጭንቀት ከሆነ፣ ከተሻለ በኋላም ብዙ ጊዜ ቢያንስ 6 ወር መቀጠል ይመከራል። ማቆሙም ከሐኪም ጋር፣ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሱ ነው። ለሕመም ታዝዞ በቂ ጊዜ ተወስዶ ምንም ካልረዳ ደግሞ ዕድሜ ልክ የምትሸከሙበት ምክንያት የለም፤ እሱም በሐኪም ይቀነሳል።

አንዳንዱ ግን ፈልጎ አያቆምም፤ ያልቅበታል። መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይጠፋል፣ መድኃኒቱም ከመደርደሪያ ይጠፋል። ስለዚህ የሁለት ሳምንት ሲቀራችሁ ኑ ወይም ሰው ላኩ። ከሩቅ የምትመጡ ቀጠሮው ላይ ለ2 ወር ይጻፍልኝ ብላችሁ ጠይቁ። ባዶውን ማሸጊያ አትጣሉት፤ ስሙና ሚሊግራሙ እሱ ላይ አለ። «ነጭ፣ ክብ ኪኒን ነበረች» ብላችሁ ከመጣችሁ ግን፣ ከኋላዬ ያለው መደርደሪያ ግማሹ ነጭና ክብ ነው።