ቶርክ ኮንቨርተርና የዲፍረንሻል ማርሽ፦ የቅዳሜ ድራግ ተወዳዳሪዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ዋሊ ፓርክስ በ1951 እ.ኤ.አ. የድራግ ውድድርን (መኪኖች በቀጥታ መስመር የሚሽቀዳደሙበትን) የሚመራውን ናሽናል ሆት ሮድ አሶሴሽንን ሲመሠርት አንዱ ዓላማው የአሜሪካ ወጣቶች በመንገድ ላይ መሽቀዳደማቸውን ትተው በተዘጋጀ ትራክ እንዲወዳደሩ ነበር። ዛሬም በብዙ ግዛቶች ቅዳሜ ዕለት መጠነኛ ክፍያ የከፈለ ሰው የራሱን መኪና ይዞ 402 ሜትር መሮጥ ይችላል። ሞተሩን ያጠናከረ ሰው ቀጥሎ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ለአውቶማቲክ ካምቢዮው ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፍ ዕቃ)፣ ኃይሉን ወደ ጎማዎቹ ለሚያካፍለው የኋላ ዲፍረንሻል ደግሞ አዲስ ማርሽ ነው። የሚያሳዝነው ሁለቱም ብዙ ጊዜ በወሬ መገዛታቸው ነው። መገዛት ያለባቸው ግን በአንድ ስሌት ነው፤ ስሌቱ ውስጥ የመኪናው ክብደት፣ የጎማው ቁመትና ሞተሩ ጉልበት የሚሰጥበት ዙር (በደቂቃ የሚዞረው ብዛት) መግባት አለባቸው።

ከታች በጥቅስ የተቀመጡት በተወዳዳሪዎች ዘንድ የሚነገሩ አባባሎች ናቸው። ለማስረጃ አንድ መኪና እንያዝ፦ የ1969 ሞዴል ካማሮ፣ 350 (ስፋቱ በኪዩቢክ ኢንች) የሼቭሮሌት ሞተር፣ ቲኤች 350 የሚባለው ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ፣ ቁመቱ 26 ኢንች የሆነ የኋላ ጎማ።

«ኮንቨርተር ጉልበት ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም»

መንሸራተቱ እውነት ነው፤ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ዘይት ስለሆነ ትንሽም ቢሆን ይንሸራተታል። ነገር ግን ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ፓምፕና ከካምቢዮው ጋር በተያያዘው ተርባይን መካከል ስቴተር አለ። መኪናው ሊነሳ ሲል ስቴተሩ ከተርባይኑ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስቀይሮ ፓምፑን እንዲያግዝ ያደርገዋል። በዚያች ቅጽበት ወደ ካምቢዮው የሚገባው ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ሞተሩ ከሚሰጠው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ተርባይኑ ፍጥነት ሲያገኝ ይህ ብዜት እየቀነሰ ሄዶ አንድ ለአንድ ይሆናል። በፍሪሲዮን የሚሠራ መኪና ይህ እገዛ የለውም።

«3,500 ስቶል ከገጠምኩ መኪናው 3,500 ዙር ሳይደርስ አይነሳም»

ይነሳል። ነዳጁን ቀስ ብሎ ለሚረግጥ ሰው ከዚያ በጣም ባነሰ ዙር መንቀሳቀስ ይጀምራል። ስቶል የሚባለው ተርባይኑ ቆሞ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ሞተሩ የሚደርስበት ከፍተኛ ዙር ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ግምት ነው። ያው ኮንቨርተር ከ350 ሞተር ወጥቶ ከ454 ሞተር ጋር ቢገጠም፣ ትልቁ ሞተር ቶርኩ ስለሚበልጥ ወደ ከፍተኛ ዙር ይገፋዋል። ስለዚህ የሞተርን ጉልበት አጋንኖ ለኮንቨርተር ሠሪው መንገር ራስን መጉዳት ነው፤ ይህን ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ። ሠሪው ለኃይለኛ ሞተር ብሎ ጠበቅ ያለ (በቀላሉ የማይንሸራተት) ኮንቨርተር ይሠራል፣ ደካማው ሞተር ያንን መግፋት ያቅተውና መኪናው ከመነሻው ላይ ይንቀረፈፋል። ትክክለኛው ክብደት፣ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ ማርሽና ጎማ ከተነገረው ግን ጥሩ ሠሪ ስቶሉን ሞተሩ ከፍተኛ ቶርክ ወደሚሰጥበት ዙር ያስጠጋዋል።

ከፍታም ለውጥ ያመጣል። ዴንቨር አጠገብ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ይሠራ የነበረው ባንዲሜር ስፒድዌይ ከባሕር ወለል በላይ 1,770 ሜትር ገደማ ላይ ነበር፤ ከአዳማ ከፍታ ብዙም አይርቅም። አየሩ እዚያ ስለሚሳሳ፣ ተርቦቻርጀር ወይም ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተር ከጉልበቱ 15 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ስቶሉም አብሮ ይወርዳል። ሜሪላንድ ውስጥ በባሕር ወለል አቅራቢያ ደህና የነበረ ኮንቨርተር ኮሎራዶ ላይ ቢሰንፍ ዕቃው ተበላሸ ማለት አይደለም።

«ቁጥሩ ከፍ ያለ ማርሽ ሁልጊዜ ያሸንፋል»

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ይህ እምነት ነው። 4.10 ማለት ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ 4.10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር መነሻው ይበረታል፣ ሞተሩ ግን ዙሩን ቶሎ ይጨርሳል።

ካማሮው 402 ሜትሩን በሰዓት 167 ኪሎ ሜትር እየበረረ ይጨርሳል እንበል፤ ኮንቨርተሩም 5 በመቶ ይንሸራተት። በ3.08 ማርሽ ሞተሩ መጨረሻው ላይ 4,350 ዙር ገደማ ይሆናል፤ በ3.73 ወደ 5,260፣ በ4.10 ወደ 5,790፣ በ4.88 ደግሞ ወደ 6,890 ይደርሳል። የዚህ ሞተር ከፍተኛ ኃይል 5,500 ላይ ከሆነ፣ ከዚያ ጥቂት አልፎ መጨረሻውን እንዲያቋርጥ የሚያደርገው 4.10 ነው። 3.08 ሞተሩን ኃይሉ ካለበት ሳያደርሰው ሩጫው ያልቃል። 4.88 ደግሞ መስመሩ ገና ሳይደርስ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ የቫልቭ ስፕሪንጎቹም ይጨነቃሉ። ሩጫው 201 ሜትር ብቻ ከሆነ መልሱ ይለያል፤ የመጨረሻው ፍጥነት ስለሚያንስ ከፍ ያለ ቁጥር መሞከር ተገቢ ነው።

በአዘቦት ቀን ሥራ የሚሄዱበት መኪና ከሆነ ሌላም ስሌት አለ። ቲኤች 350 ኦቨርድራይቭ (በሀይዌይ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ማርሽ) ስለሌለው በሀይዌይ ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በ4.10 ማርሽ 3,600 ዙር ላይ ይጮኻል።

«ጓደኛዬ 4.10 ገጥሞ ስለፈጠነ እኔም 4.10»

ጓደኛው ካምቢዮው ምንድን ነው? የቲኤች 350 አንደኛ ማርሽ 2.52 ነው፤ በ4.10 ሲባዛ 10.33 ይሆናል። 700አር4 የሚባለው ሌላ ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ 3.06 ስለሆነ በ3.42 ብቻ ሲባዛ 10.47 ይሰጣል። ባለ 700አር4ው በ3.42 ከመነሻው የዚያኛውን ያህል ይገፋል፤ 4.10 ቢጨምርበት የመንገድ ጎማ ጭስ ከማውጣት በቀር መሬት አይቆነጥጥለትም።

ጎማም እንደዚሁ ነው። ከ26 ኢንች ወደ 28 ኢንች የተቀየረ ጎማ 4.10ን እንደ 3.81 ያደርገዋል። ስለዚህ ጎማው ይቅደም፣ ማርሹ ይከተል። ባለ 12 ቦልት የሼቭሮሌት አክስል ያለው ሰው ደግሞ ከ3.73 ወደ 4.10 ሲሻገር ማርሹን የሚሸከመው ቤት ራሱ ሊቀየር እንደሚችል አውቆ በጀት ይያዝ።

«ስቶሉን ፍሬን ይዤ ግቢዬ ውስጥ እለካዋለሁ»

በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ነው፤ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ሳይሰጥ ፍሬኑ ይሸነፋልና። አደገኛም ነው። መኪናው ሊያመልጥ ይችላል፣ ዘይቱም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ክፉኛ ይግላል። ከፍ ያለ ስቶል የገጠመ ሁሉ ለካምቢዮው ዘይት የተለየ ማቀዝቀዣ አብሮ ይግጠም።

«ዋናው ፈጣን መሆን ነው»

ቅዳሜ የሚካሄደው አብዛኛው ውድድር ብራኬት ነው። እያንዳንዱ ሹፌር የሚጨርስበትን ሰዓት አስቀድሞ ያሳውቃል፣ ቀርፋፋው መኪና በልዩነቱ ልክ ቀድሞ ይለቀቃል፤ ካሳወቀው ሰዓት በታች የገባ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል። እዚህ ላይ ጎማውን አንዴ የሚያሽከረክር አንዴ የሚይዝ 12.8 ሰከንድ መኪና፣ ሁልጊዜ 13.2 ከሚሮጥ መኪና ያነሰ ዕድል አለው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 18 ሜትሮች ሰዓትና መጨረሻው ላይ የታየውን ዙር መመዝገብ፣ ከእያንዳንዱ ሩጫ በፊት ደግሞ የካምቢዮውን ዘይት ወደ ተመሳሳይ ሙቀት ማምጣት ያስፈልጋል።