ስታርተር ወይስ ሪሊቨር? የቤዝቦል ወርዋሪ ቦታ የሚወሰነው በምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የአትላንታው ብሬቭስ ሬይናልዶ ሎፔዝን በ30 ሚሊዮን ዶላር ለ3 ዓመት አስፈረመ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሎፔዝ በዚያን ጊዜ ሥራው አጭር ነበር። ጨዋታው ሊገባደድ ሲል ይገባል፣ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ አንድ ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ የሚመቱበት የጨዋታ ክፍል) ይወረውራል፣ ይወጣል። ክለቡ ግን ጨዋታውን ከመጀመሪያው ኳስ አንስቶ እንዲይዝ መደበው። አትላንታ የምትኖሩ የቤዝቦል ተከታታዮች ውጤቱን ሳታስታውሱት አትቀሩም፤ በ2024 ዓ.ም. 25 ጨዋታዎችን ጀምሮ፣ በየ9 ኢኒንጉ በአማካይ የተቆጠረበት 1.99 ነጥብ ብቻ ነው።

ስታርተር የሚባለው እንግዲህ ጨዋታውን የሚከፍተው ወርዋሪ ነው፤ ሪሊቨር ደግሞ እሱ ሲወርድ የሚተካው። ስታርተርን “ጀማሪ” ብዬ ልጽፍ አስቤ ተውኩት። በአማርኛ ጀማሪ ሲባል ሙያውን ገና ያልለመደ ሰው ነው የሚታየን፤ ስታርተር ግን ብዙውን ጊዜ የክለቡ ውዱ ሰው ነው።

ጨዋታው 9 ኢኒንግ አለው። አንድ ቡድን ለማሸነፍ በአብዛኛው የተጋጣሚውን 27 አውቶች ማግኘት፣ ማለትም መቺዎቹን 27 ጊዜ ማስወጣት አለበት፤ ይህን ሸክም ከማንም በላይ የሚሸከመው ከ18 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ቆሞ የሚወረውረው ሰው ነው። እንደ እግር ኳሱ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ተቀይሮ የወጣ ተመልሶ አይገባም። ስታርተሩ ዛሬ ዛሬ ከ5 እስከ 6 ኢኒንግ፣ ወደ 90 ኳስ ገደማ ወርውሮ ይወርድና 4 ወይም 5 ቀን ያርፋል። አንድ ክለብ በዓመት 162 ጨዋታ ስላለው እንዲህ ዓይነት አምስት ሰዎች በተራ ያስፈልጉታል። ሪሊቨሩ ግን ቡልፔን በሚባለው ማሟሟቂያ ተቀምጦ ስልክ እስኪደወል ይጠብቃል። ዛሬ 15 ኳስ ይወረውራል፣ ምናልባት ነገም ይጠራል። በዓመት ሲደመር ከ60 እስከ 70 ኢኒንግ ቢሆን ነው፤ ጤናማ ስታርተር ከዚያ ሁለት እጥፍ ተኩል ይወረውራል።

ታዲያ አንድ ጎበዝ ወርዋሪ ሲገኝ የትኛው ላይ ይመደብ? ብዙ ሰው የሚያስበው ጥንካሬን ነው፤ ብርቱው ይጀምራል፣ ቶሎ የሚደክመው ይተካል። እኔ ግን ጥያቄውን ወደ አንድ ቦታ ባጠበው እመርጣለሁ፤ ያው መቺ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣበት ምን ይሆናል?

የመቺዎች ተራ ዘጠኝ ሰው ነው፤ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስታርተር አምስተኛውን ወይም ስድስተኛውን ኢኒንግ ሲይዝ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ሰው ተመልሶ ፊቱ ይቆማል። መቺው አሁን የኳሱን አወጣጥ፣ የክንዱን አንግል፣ በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚመጣ አይቷል። ወርዋሪው በበኩሉ ደክሟል። መቺዎች አንዱን ወርዋሪ ደጋግመው ባዩት ቁጥር እየተሻላቸው እንደሚሄድ የዓመታት ቁጥር ያሳያል። ሪሊቨር ከዚህ ዕዳ ነፃ ነው፤ አንዱን መቺ በአንድ ምሽት አንዴ ነው የሚያየው።

ይህ ሐሳብ በአደባባይ የተፈተነው ኦክቶበር 27 ቀን 2020፣ ቴክሳስ አርሊንግተን ላይ በተደረገው የወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ ሻምፒዮና ፍጻሜ) 6ኛ ጨዋታ ነው። ታምፓ ቤይ ሬይስ ካልተሸነፈ ነው የሚተርፈው፤ 1 ለ 0 እየመራ ነበር። ስታርተሩ ብሌክ ስኔል 73 ኳስ ብቻ ወርውሮ ዘጠኝ ሰው ስትራይክአውት አድርጓል፤ ኳሱን ሳያስመታ አስወጥቷል ማለት ነው። የተጋጣሚው የዶጀርስ የመጀመሪያ ሦስት መቺዎች፣ ሙኪ ቤትስ፣ ኮሪ ሲገር እና ጀስቲን ተርነር፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ገጥመውት ስድስቱንም ጊዜ ስትራይክአውት ሆነው ተመልሰዋል። በስድስተኛው ኢኒንግ አንድ ሰው መትቶ ቤዝ (ነጥብ ለማግኘት በየተራ የሚደረስበትን ማረፊያ) ያዘ፣ ቤትስ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመታ መጣ። አሰልጣኙ ኬቨን ካሽ ወጥቶ ስኔልን አወረደውና ኒክ አንደርሰንን አስገባ። ቤትስ እስከ ሁለተኛው ቤዝ የሚያደርስ ድርብ መታ፤ ዶጀርስ በዚያው ኢኒንግ ሁለት ነጥብ አስቆጥሮ መራ፤ 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ካሽ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። በእኔ አስተያየት የሦስተኛው ዙር ሕግ እውነት ነው፤ ግን የአማካይ እውነት ነው። የዚያን ምሽት ምርጫ ደግሞ በደከመ ስኔልና በትኩስ ሪሊቨር መካከል ሳይሆን፣ በዚያ ምሽቱ ስኔልና በአንደርሰን መካከል ነበር። አንደርሰን ደግሞ ከዚያ በፊት በነበሩት ጨዋታዎች ተደጋግሞ ነጥብ የተቆጠረበት ሰው ነው።

ሦስተኛውን ዙር ለመትረፍ ወርዋሪው የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ሦስተኛ የኳስ ዓይነት ነው። ሁለት ኳስ ብቻ ያለው፣ ማለትም ፈጣኑ ፋስትቦልና ወደ ጎን የሚታጠፈው ስላይደር፣ ለአንድ ኢኒንግ ይበቃዋል። ሦስት ጊዜ ለሚያየው መቺ ግን አይበቃም። በተለይ በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ስላይደሩ ከቀኝ መቺ ይሸሻል፣ ወደ ግራ መቺ ግን እየቀረበ ይሄዳል። ተጋጣሚው ይህን ካወቀ የመቺ ተራውን በግራዎች ይሞላዋል። መድኃኒቱ ቼንጅአፕ ነው፤ እጁ እንደ ፋስትቦል ይፈጥናል፣ ኳሱ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ሪሊቨር ቼንጅአፕ ባይኖረው አሰልጣኙ ቀኝ መቺዎች በተደረደሩበት ሰዓት ያስገባዋል። (ከ2020 ወዲህ የገባ ወርዋሪ ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም ወይም ኢኒንጉን መጨረስ ስላለበት ይህ ዘዴ እንደ ድሮው አይመችም።)

ቀጥሎ የፍጥነት ነገር አለ። አንድ ኢኒንግ ብቻ እንዳለው የሚያውቅ ሰው አይቆጥብም። ሎፔዝ ሪሊቨር ሳለ ፋስትቦሉ በአማካይ በሰዓት ወደ 98 ማይል ይጠጋ ነበር፤ ስታርተር ሲሆን ወደ 95 ገደማ ወረደ። ክንዱ ደክሞ አይደለም፤ ስድስት ኢኒንግ ሊያደርስ ቆጥቦ ነው። ስለዚህ ቡልፔን ውስጥ የሚያስደንቅ ፍጥነት ስናይ ልንጠይቅ የሚገባው ሦስት ማይል ቢቀነስለት ምን ይቀረዋል ብለን ነው። ኳሱን የፈለገበት ቦታ ማሳረፍ ለሚችል ብዙ ይቀረዋል። ፍጥነቱ ብቻ ለነበረው ምንም።

የገንዘቡ ነገር ግልጽ ነው። ገሪት ኮል በ2019 መጨረሻ ከያንኪስ ጋር የ9 ዓመት የ324 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም ስታርተር ነው። ኤድዊን ዲያዝ በ2022 ከሜትስ ጋር በ102 ሚሊዮን ዶላር ለ5 ዓመት ሲፈርም፣ 100 ሚሊዮንን ያለፈ የመጀመሪያው ሪሊቨር ተብሎ ተጻፈለት።

“ማሪያኖ ሪቬራስ?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ፓናማዊው ሪቬራ 652 ጨዋታ ዘግቶ (የቡድኑን መሪነት ጠብቆ እስከ ማብቂያው አድርሶ)፣ በ2019 ያለ አንድ ተቃውሞ ድምፅ ወደ ዝና አዳራሹ የገባ ሪሊቨር ነው። ግን ያንኪስ በ1995 በመጀመሪያ የሞከረው በስታርተርነት ነበር፤ 10 ጨዋታ ጀመረ፣ በየ9 ኢኒንጉ የተቆጠረበት የዓመቱ አማካይ 5.51 ሆነ። ቡልፔን የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዴኒስ ኤከርስሊም ለኦክላንድ ጨዋታ ዘጊ ከመሆኑ በፊት ከ10 ዓመት በላይ ስታርተር ነበር። ታላላቆቹ ሪሊቨሮች ራሳቸው መጀመሪያ በሌላው በር ነው የገቡት። ወጣት ወርዋሪ ያለው ክለብም ማስጀመሩን ቢያስቀድም የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ከስታርተርነት ወደ ቡልፔን መውረድ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፣ መውጣቱ ግን ክንድን ወራት ማለማመድ ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚከብደው የጤናው ክፍል ነው። በተለምዶ ክርኑ የሚያሰጋን ሰው “ቡልፔን እናስቀምጠው፣ ይረፍ” ይላሉ። አትላንታ ይህን በጆን ስሞልትዝ አድርጎታል። በ1996 ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት የወሰደ ስታርተር ነበር፤ በ2000 ክርኑ ቀዶ ጥገና ተደረገለትና ሲመለስ ዘጊ ሆነ፣ በ2002 ዓ.ም. 55 ጨዋታ ዘጋ። ይህን ያህል ያማረለት ሰው በ2005 ወደ ስታርተርነት ሲመለስ ዕድሜው ወደ 38 ተጠግቶ ነበር፤ 229 ኢኒንግ ወረወረ። በ2003 ዘጊ ሆኖ 64 ኢኒንግ ብቻ ነበር የወረወረው። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ክለቡ ምርጡን ክንዱን ለጨዋታ ማብቂያ ብቻ አስቀምጦ ነበር ማለት ነው። ደግሞም ቡልፔን ዕረፍት ነው ማለት አስቸጋሪ ነው፤ ሪሊቨር ሳይገባ በሚቀርበት ምሽት እንኳ ተነሥቶ ሊያሟሙቅ ይችላል፣ ያ በቁጥር አይመዘገብለትም።

ክሪስ ሴልንም አስታውሱ። ቀጭን ነው፣ አወራወሩ ያስፈራል፣ ስታርተርነትን አይችልም ተብሎ ነበር። ቺካጎ በ2012 ክርኑን ሲያመው ወደ ቡልፔን መለሰው፤ እሱ አልተስማማም፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ስታርተርነት ተመለሰ። በ2020 ክርኑ በእርግጥ ቀዶ ጥገና አስፈልጎታል። በ2024 ግን ለአትላንታ 18 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ፣ የሳይ ያንግ ሽልማትን ወሰደ፤ ከሎፔዝ ጋር በአንድ መልበሻ ክፍል።

ሎፔዝ በ2025 አንድ ጨዋታ ጀምሮ ትከሻው ታመመና ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ዓመቱ እዚያው አለቀ። ቡልፔን ቢቀር ኖሮ ይተርፍ ነበር የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። በ2024 ብቻ የወረወረው 135 ኢኒንግ ግን በ2022 እና በ2023 ሪሊቨር ሆኖ ከወረወረው ድምር ይበልጣል።