«ምክንያት ከሰጠማ ዘረኝነት አይደለም» እና ስለ ጁሪ የምሰማቸው ሌሎች ስሕተቶች

አሜሪካ ውስጥ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ከተከሳሹ ጎን ተቀምጬ የሚባለውን ሁሉ በአማርኛ በጆሮው እነግረዋለሁ። ቅዳሜ ቡና ላይ ግን ስለ ጁሪ፣ ማለትም ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ስለሚወስኑት ከሕዝብ የተጠሩ ሰዎች፣ የሚወራውን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። አገር ቤት ጥፋተኛ ነህ አይደለህም የሚለው ዳኛው ስለሆነ፣ አዲስ የመጣ ሰው ግራ ቢገባው አይገርምም። ዜግነት ወስዶ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ሲሳሳት ነው የሚያናድደኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

«ተከሳሹ ጥቁር ከሆነ ግማሹ ጁሪ ጥቁር መሆን አለበት።» የለበትም። ሕጉ የሚጠይቀው ስም የሚወጣበት መዝገብ የአካባቢውን ሕዝብ እንዲመስልና ማንም በዘሩ ከጁሪ እንዳይባረር ነው። የመጨረሻዎቹ 12 ሰዎች በሙሉ ነጭ ሊሆኑ ይችላሉ።

«ሕጉ የሚከላከለው ጥቁር ተከሳሽን ብቻ ነው።» አይደለም። ከ1991 ጀምሮ ነጭ ተከሳሽም ጥቁሮች ለምን ከጁሪ ተባረሩ ብሎ መቃወም ይችላል። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ ክልከላው የተከሳሽ ጠበቃንም ይመለከታል።

«ስም የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተር አያዳላም።» ኮነቲከት ውስጥ ያለችውን ሃርትፎርድን ጠይቁ። ብዙ ጥቁሮች የሚኖሩባት ከተማ ናት። በአንድ ወቅት ከእሷ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ የሚጠራ ሰው ጠፋ። ኋላ ሲጣራ የከተማዋ ስም የመጨረሻ ፊደል፣ «ዲ»፣ ወደሚቀጥለው ዓምድ ተንሸራትታ ነበር። እዚያ ዓምድ ላይ «ዲ» ማለት «ሞቷል» ማለት ነው። ማሽኑ የከተማውን ሕዝብ እንደ ሙት ቆጥሮ ዘለለው። ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም፣ ሰዎቹ ግን ቀሩ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «በዘር ማባረር በ1986 ተከልክሏል። ዐቃቤ ሕጉ ምክንያት ከሰጠ ዘረኝነት አይደለም» ይሉኛል። የተማሩ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት።

ለጁሪ የተጠራ ሰው በሁለት መንገድ ይሰናበታል። አንደኛው «በትክክል መፍረድ አልችልም» ሲል ወይም ተከሳሹን ሲያውቀው ነው፤ እዚህ ላይ ችግር የለም። ሁለተኛው ጠበቆቹ ያለ ምንም ምክንያት የሚያሰናብቱበት መብት ነው። በፌዴራል ከባድ ወንጀል ዐቃቤ ሕጉ 6፣ ተከሳሹ 10 ሰው እንዲህ ማስወጣት ይችላሉ። ጥቁሮች ሲወጡ የኖሩት በዚህ በር ነው።

ኬንታኪ ውስጥ ጄምስ ባትሰን የሚባል ጥቁር ሰው በስርቆት ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ አራቱንም ጥቁር ዕጩዎች አስወጣና ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ጁሪ ፈረደበት። በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ አለ፦ በዘር የተባረረ ከመሰለ ዐቃቤ ሕጉ ከዘር ውጭ የሆነ ምክንያት ይናገር፣ ዳኛው እውነት መሆኑን ይመዝን። የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል፣ በውሳኔው እየተስማሙም ይህ ብቻውን እንደማይበቃ ያኔውኑ ጽፈዋል። ያለ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ራሱ ካልጠፋ አድልዎው አይጠፋም ነው ያሉት።

እንዳሉትም ሆነ። ምክንያት መፈለግ ከባድ አይደለማ! ጆርጂያ ውስጥ በ1987 በታየ የግድያ ክስ አራቱም ጥቁር ዕጩዎች ተባረሩ፣ ለእያንዳንዳቸውም የምክንያት መዓት ተደረደረ። ከዓመታት በኋላ የዐቃቤ ሕጉ ማስታወሻ ሲወጣ የጥቁሮቹ ስም በአረንጓዴ ተቀልሞ ጎኑ ላይ «ቢ» ተጽፎበት ተገኘ፣ ብላክ ለማለት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን የሻረው በ2016 ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ደግሞ ከርቲስ ፍላወርስ በአንድ ክስ ስድስት ጊዜ ተዳኘ። ያው አንድ ዐቃቤ ሕግ ሊያባርር ከሚችላቸው 42 ጥቁር ዕጩዎች 41ዱን አባረረ። በስድስተኛው ችሎት የተባረሩትን አምስት ጥቁሮች 145 ጥያቄ ጠየቃቸው። የተቀመጡትን 11 ነጮች 12 ብቻ። ብዙ ከጠየቅከው ሰው ሰበብ አታጣም።

እኔም ያየሁት አለ። አንዲት ሐበሻ እናት ለጁሪ ቀርበው ነበር። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሲጠየቁ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በጥሩ እንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ዐቃቤ ሕጉ አሰናበታቸው። የተከሳሹ ጠበቃ ተቃወመ። ዐቃቤ ሕጉ ምክንያት ሲጠየቅ «ዐይኔን አላየችኝም» አለ። ዳኛው ተቀበሉት። ሁለት ወንበር አልፎ የተቀመጠው ነጭ ሰውዬም ጫማውን ሲያይ ነበር የዋለው፤ እሱን ማንም አልነካው። ተከሳሹ «ምን አጠፉ?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ራሱ አቀርቅሮ ነበር። እኛ ዳኛ ፊት ዐይን አናፈጥም፣ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው።

ስለዚህ የተሰጠውን ምክንያት ብቻ አትስሙ። ያው ምክንያት ያለበት ነጭ ሳይባረር ቀርቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2005 በአንድ የዳላስ ክስ ጎን ለጎን እያስተያየ ነው የመዘነው።

«ይሄ መቼም አይለወጥም» ለሚሉም፦ ዋሽንግተን ስቴት ከ2018 ጀምሮ ሆን ተብሎ በዘር መባረሩ ይረጋገጥ ማለቷን ትታለች፣ «ዐይኔን አላየችኝም» የሚለውንም በጥርጣሬ ታየዋለች። ካሊፎርኒያ ተከትላለች። አሪዞና በ2022 ያለ ምክንያት ማሰናበትን ጨርሳ አስቀርታለች።

የጁሪ መጥሪያው ደብዳቤ ቤታችሁ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ አትጣሉት። ሥራ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ደውሉና ቀኑ እንዲዛወር ጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅዳሉ። ዜጋ ከሆናችሁ ሂዱ። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁም፣ ስማችሁ ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ወጥቶ ሊደርሳችሁ ይችላል። ፎርሙ ላይ ዜጋ ነህ ወይ ለሚለው «አይደለሁም» በሉና ፈርማችሁ መልሱት። በስሕተት «ነኝ» ማለት የዜግነት ማመልከቻችሁን እስከ ማበላሸት ይደርሳል። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ለሚያነብ ልጅ ወይም ጎረቤት አሳዩት።