የስፒከር ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ስለ ድምፁ ምን ይናገራል? ብዙ ጊዜ የሚባሉ አራት ነገሮችን እንይ።

«ዋቱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ያምራል»

ዋት የኃይል መለኪያ ነው፤ ስለ ጥራት የሚለው ነገር የለም። ጩኸትን እንኳ የምናስበውን ያህል አይጨምርም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ ከፍ የሚለው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ግን ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ50 ወደ 100 ዋት ለመሻገር ገንዘብ የሚጨምር ሰው የሚያገኘው ለውጥ ትንሽ ነው። በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር 84 ዴሲቤል ከሚያወጣው ጋር እኩል ለመጮኽ የኃይሉ ሩብ ይበቃዋል። ይህ በአንድ ዋት የሚለካ የዴሲቤል ቁጥር ከዋቱ ይልቅ ይጠቅማል፤ ማንም ግን በትልቁ አይጽፈውም።

በትልቁ የሚጻፈው «3000 ዋት» ነው። ፒኤምፒኦ (PMPO) የሚሉት ይህ አቆጣጠር የተስማሙበት መለኪያ የለውም። ዕቃውን ገልብጣችሁ ከሶኬት ስንት ዋት እንደሚስብ አንብቡ። 30 ዋት የሚስብ ቴፕ 3000 ዋት ያለማቋረጥ ከየት ያመጣል?

«ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ካለ ሁሉንም ያሰማል»

ኸርዝ የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ትንሹ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ነው። አጠገቡ «±3 ዴሲቤል» የሚል፣ ማለትም የድምፁ ከፍታ ከዚያ በላይ እንደማይዋዥቅ የሚገልጽ ነገር ከሌለ አረፍተ ነገሩ አላለቀም። ወፍራሙ ድምፅ በ20 ዴሲቤል ወርዶም «አለ» ሊባል ይችላል።

«የአምፕሊፋየሩ መዛባት 0.001 በመቶ ከሆነ ከ0.01ዱ ይሻላል»

በወረቀት ላይ አዎን። ስፒከሩ ራሱ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ከ1 በመቶ በላይ ሊያዛባ ስለሚችል፣ የአምፕሊፋየሩ ልዩነት ለጆሮ አይደርስም።

«እንግዲያው ቁጥር ከንቱ ነው፤ ዳኛው ጆሮ ብቻ ነው»

በዚህኛው ስህተት የሚወድቁት ብዙ ጊዜ አዋቂ ነን ባዮች ናቸው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሳለ አድማጮች የትኛው ስፒከር እንደሚጫወት ሳያዩ እንዲፈርዱ አደረገ፤ ስፒከሮቹንም ከፊት ብቻ ሳይሆን ከየአቅጣጫው ለካ። ባልደረባው ሾን ኦሊቭ በ2004 በ70 ስፒከሮች ላይ ባወጣው ስሌት ልኬቱ ከአድማጮች ምርጫ ጋር የነበረው ዝምድና 0.86 ደረሰ (ፍጹም ዝምድና 1 ነው)። በዚህ ዓይነት ልኬት ጥሩ የሚባለው ስፒከር ፊት ለፊት ድምፁ ያልተዛነፈ፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ከዋናው ጋር የሚመሳሰል ነው። ካርቶኑ ላይ የማናገኘው ይህንን ነው። ጆሮ ደግሞ ዓይን ሲያይ ያዳላል፦ ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1994 እንዳሳዩት ያው አድማጭ ስፒከሩን ሲያይና ሳያይ የሚሰጠው ነጥብ ይለያያል።

ክፍሉንም አትርሱ። ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚቆጣጠረው ግድግዳው ነው። እኔ አዲሱን ስፒከሬን በክፍሉ ጥግ አስጠግቼ በገና ስከፍት፣ የእንዚራው (ክሩን የሚያነዝረው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት በጉርምርምታ ተውጦ አይሰማኝም ነበር። ልለውጠው ዋጋ ከጠየቅሁ በኋላ ነው ከጥጉ አንድ ክንድ ያህል ያወጣሁት።