ባድ ሴክተር ምንድን ነው? ፎርማትስ ያጠፋዋል?

«ባድ ሴክተር ነው? ፎርማት አድርገው፣ ይጠፋል።» ይህ ምክር ሰሞኑን እንደገና ሲዞር አየሁ፤ አንድ ወንድማችንም በራሱ ዲስክ ላይ ሠርቶልኛል ብሎ ተከራከረ። እዚህ አዳማ ላፕቶፕ ስንጠግን የምንውል ሰዎች የምክሩን ውጤት ጠረጴዛችን ላይ እናገኘዋለን። ብዙ ጊዜ ላፕቶፑን ይዞ የሚመጣው የመመረቂያ ጽሑፉን እዚያው ላይ ብቻ ያስቀመጠ ተማሪ ነው። ላፕቶፑ አርጅቷል፣ ይንቀራፈፋል፣ ድንገት ሰማያዊ ስክሪን ያመጣና ይዘጋል። ፎርማት ተደርጓል። ጽሑፉ የለም። ችግሩ ግን እንዳለ ነው።

ሴክተር ዲስኩ በአንድ ጊዜ የሚያነበው ትንሹ ቁራጭ ነው። በድሮዎቹ 512 ባይት፣ በአዳዲሶቹ 4096 ባይት ይይዛል። ከእያንዳንዱ ጋር የማረሚያ ኮድ አብሮ ይጻፋል። ሲነበብ መረጃውና ኮዱ ካልገጠሙ ዲስኩ ሊያርመው ይሞክራል። ካቃተው ደጋግሞ ያነባል። ላፕቶፑ ድርቅ ብሎ የሚቆየው ያኔ ነው። ጨርሶ ሲያቅተው ያ ሴክተር ባድ ሆነ ይባላል። እንግዲህ ይህ የሆነው ዲስኩ ላይ ነው፤ የዊንዶውስ ወይም የቫይረስ ጉዳይ አይደለም።

አዳማ የፔንሲዮን ከተማ ናትና ዲስኩን እንደ ፔንሲዮን እንየው። ሴክተሮቹ ክፍሎች ናቸው፤ ፋይሎቻችሁ ክፍሎቹ ውስጥ የተቀመጡ ሻንጣዎች ናቸው። ቁልፍ የሚይዘው ሰው የዲስኩ የራሱ መቆጣጠሪያ ነው። ጓሮ በኩል ጥቂት መጠባበቂያ ክፍሎች አሉት። 7 ቁጥር ጣሪያው ካፈሰሰ፣ 7 ቁጥርን ለጠየቀ ሁሉ የጓሮውን ክፍል ቁልፍ ይሰጣል። ዊንዶውስ ልዩነቱን አያውቅም።

ችግሩ የ7 ቁጥር በር ሻንጣ ውስጡ እያለ ሲቆለፍበት ነው። ሻንጣውን ማውጣት አይችልም። የእሱ ስላልሆነም አይጥለውም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ውሳኔ በመጠበቅ ላይ» ብሎ ይጽፋል። ባለቤቱ ለ7 ቁጥር አዲስ ሻንጣ ሲልክ ብቻ ይወስናል። ክፍሉ ደህና ከሆነ እዚያው ያስገባል፤ ካልሆነ ወደ ጓሮ ይወስደዋል። በሁለቱም መንገድ የድሮው ሻንጣ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ፎርማቱን እንየው። ፈጣኑ ፎርማት የእንግዳ መዝገቡን ቀዶ አዲስ ይከፍታል እንጂ ክፍሎቹን ዞር ብሎ አያያቸውም። ያፈሰሰው እንዳፈሰሰ ነው። ሙሉ ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ እያንዳንዱ ክፍል ላይ ዜሮ ይጽፋል። ቁልፍ ያዡ ያኔ ውሳኔ በመጠበቅ ላይ ያሉትን ሁሉ ይወስንባቸዋል። «እኔ ፎርማት አድርጌ ጠፍቶልኛል» ብሎ የተከራከረው ወንድማችን ያየው ይህንን ነው። ያየውን አልክድም። ግን ምን ጠፋ? ሻንጣው ተጣለ፣ ምናልባትም ከጓሮ አንድ ክፍል ተያዘ። ጓሮው ደግሞ ማለቂያ አለው። ይህ ጥገና ከተባለ እኔ አልስማማም።

ደግሞ ፔንሲዮን ውስጥ አንድ ክፍል ቢያፈስ ጎረቤቱን ላይነካ ይችላል። ዲስክ ላይ ግን የማንበቢያው ራስ ከሚሽከረከረው ሳህን በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ላይ ነው የሚንሳፈፈው። አንዴ ከተፋቀ ፍቅፋቂው ሌላውን ይፍቃል። ያረጀ ዲስክ ላይ ባድ ሴክተር አንዴ ከጀመረ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ባትሪው የሞተ፣ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ መብራት ሲሄድ ዲስኩ እየጻፈ ከነበረ፣ ሴክተሩ በግማሽ ሊቀር ይችላል። ኮዱ አይገጥምም፣ ሳህኑ ግን ጤነኛ ነው። እንደገና ሲጻፍበት ይድናል። ሰው በፎርማት የሚምለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ታዲያ በምን ይለያል? ዲስኩ የራሱን መዝገብ ይይዛል፤ ስማርት ይባላል። ይህን መዝገብ የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ክፈቱ። ቢጫ ሆኖ «ኮሽን» ካለ ሁለት መስመር ፈልጉ። ቁጥር 5 ወደ ጓሮ የተዛወሩት ናቸው። ቁጥር 197፣ እዚያ ሲ5 ተብሎ የሚጻፈው፣ ውሳኔ በመጠበቅ ላይ ያሉት ናቸው። ከተጻፈባቸው በኋላ 197 ወርዶ 5 ካልጨመረ ምናልባት የመብራቱ ጣጣ ነበር። 5 ከሳምንት ሳምንት ከጨመረ ዲስክ ግዙ። ፕሮግራሙ በነባሪው የሚያሳየው በ16 መሠረት መሆኑን አትርሱ፤ መጨረሻ ላይ 10 ካለ 16 ማለት ነው። ቁጥር 199 (እዚያ ሲ7) ብቻ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ ኬብሉንና ማገናኛውን ጠርጥሩ።

ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ላፕቶፑ በዘፈቀደ እየተዘጋ የዲስኩ መዝገብ ንጹሕ ከሆነ ዲስኩን ተዉትና ራሙን (ሜሞሪውን) ፈትሹ። ሜምቴስት የተባለውን የራም መፈተሻ ማታ ከፍታችሁ ተኙ። የተበላሸ ራም ጤነኛ ዲስክ ላይ የተሳሳተ ነገር ያስጽፋል። በዚያ ላይ የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻና ማስተካከያ፣ ቼክ ዲስክን፣ ብታስሮጡ «ማስተካከያው» ራሱ ሊያበላሽ ይችላል። የአዳማ ንፋስና አቧራ የደፈነው ፋንም ላፕቶፕ ይዘጋል። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ፣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ አንዳንዱ ምንም ሳያስጠነቅቅ ቀጥ ይላል።

ባድ ሴክተር ካያችሁ ከሁሉ በፊት ፋይላችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ቼክ ዲስክ ይቆይ፤ እየሞተ ያለን ዲስክ ለሰዓታት ያለፋዋል። ኮፒው እየተቆራረጠ ካስቸገረ ከፍላሽ በተነሳ ሊኑክስ ዲዲሬስኪው የተባለውን መረጃ ማውጫ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ጤነኛውን ቀድሞ ያወጣና ወደ ተጎዳው በኋላ ይመለሳል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ይህንንም አትሞክሩ። አጥፉትና መረጃ ማውጣት ወደሚችል ሰው ውሰዱት።