«300 ዲፒአይ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ለሥዕል ፎቶ «300 ዲፒአይ ይሁን» ሲባል ብዙ ሰው የጥራት ደረጃ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን ሲታተም በአንድ ኢንች ላይ ስንት ፒክስል (ዲጂታል ፎቶ የሚሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) እንደሚያርፍ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ዋናው የፒክስሉ ብዛት ነው። 3000 ፒክስል ስፋት ያለው ፋይል በ300 ሲታተም 10 ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሴንቲሜትር ይወጣዋል። ፒክስሉ ሳይጨመር የፋይሉን ዲፒአይ ከ72 ወደ 300 መቀየር በፋይሉ ላይ የተመዘገበውን ቁጥር ከመለወጥ አያልፍም። ፕሮግራሙ ፒክስል ከጨመረ ደግሞ የሌለውን ዝርዝር በግምት ይሞላል፤ ለጥናት ይህ ከብዥታም ይከፋል።

ለተመራማሪ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በሥዕሉ አንድ ሴንቲሜትር ላይ ስንት ፒክስል አለ? 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሸራ በ6000 ፒክስል ከተነሳ 100 ነው፤ አንዱ ፒክስል 0.1 ሚሊሜትር ይሸፍናል። ከዚያ የቀጠነ የቀለም ስንጥቅ የቱንም ያህል ቢያጎሉት ቁልጭ ብሎ አይታይም። ሲያነሱ ከሥዕሉ ጎን ማስመሪያ ያስቀምጡ፤ ፎቶው ከተቆረጠ በኋላ መጠኑን በቀላሉ ማስላት የሚቻለው ማስመሪያው አብሮ ከቀረ ነው።