ኮዚ ሚስትሪ ምንድን ነው? ድመት፣ መጽሐፍ ቤት እና አንድ ሬሳ

ኮዚ ሚስትሪ ማለት በአጭሩ ሰው ተገድሎ ማን ገደለው የሚባልበት ግን ደም የማታዩበት የወንጀል ልብወለድ ነው። ስድብ የለም፣ የመኝታ ቤት ነገር ሲመጣ በሩ ይዘጋና ይታለፋል። ገዳዩን የሚያገኘው መርማሪ ፖሊስ ሳይሆን ተራ ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜ ሴት፣ ወይ ዳቦ ጋጋሪ ናት ወይ ጡረተኛ ወይ መጽሐፍ ሻጭ። ቦታው ትንሽ ከተማ ነው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ድመት ወይ ውሻ አይጠፋም። ይሄን ስነግራቸው ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ ሰው ሞቶ ምኑ ነው የሚያዝናናው?

ኧረ የሚያዝናናው ሞቱ አይደለም፣ ወሬው ነው። እነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የጣት አሻራ ምናምን ካለ እሱ ፖሊሱ ጋ ነው፣ ፖሊሱ ደግሞ ሁሌ የተሳሳተ ሰው ነው የሚይዘው፣ አንዳንዴ ራሷን ዋናዋን ገጸ ባህሪ። እሷ ያላት ማስረጃ ማን ከማን ጋር ተኳርፏል፣ ማን የዕቁብ ብር በልቷል፣ የማን ልጅ ሳይነገር ከአዲስ አበባ መጣ የሚለው ነው። ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም፣ ጠዋት ገበያ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደገዛሽ ከሰዓት ቡና ላይ ሌላ ሰው ነው የሚነግርሽ።

እንደውም አያቶቻችን በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው። ድሮ ገጠር ከብት ሲሰረቅ ወይ ቤት ሲቃጠል እና አድራጊው ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፣ አፈርሳታም ይሉታል፣ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ መበተን የለም፣ የቀረ ይቀጣል፣ ያየ ሰው በስሙ መናገር ከፈራ ደግሞ "ወፍ ነገረኝ" ብሎ ያወጣዋል። አሁን የአንዱን ኮዚ የመጨረሻ ምዕራፍ ክፈቱ፣ ተጠርጣሪዎቹ በሙሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበው ሻይ ተቀድቶላቸው እርስ በርስ እየተያዩ ነው። አውጫጭኝ እኮ ነው፣ ሜዳው ሳሎን ሆነ እንጂ።

አሰራሩ እንዲገባችሁ አንድ የራሴን ልፍጠር። ደብረ ብርሃን ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለች እንበል። ባለቤቱ ጠዋት መደርደሪያው ስር ሞቶ ተገኘ፣ በርጩማው ተገልብጧል፣ ሰዉ ሁሉ "ላይኛውን ሊያወርድ ሲል ወድቆ ነው" አለ፣ ፖሊስም እሱኑ ጻፈ። ጎረቤቱ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ የሱቁን ድመት አሳዝናት ያን ጠዋት ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ግራጫ ድመት ናት፣ አይጥ መጽሐፉን ስለፈጀው ባለፈው ሐሙስ ነው ሱቁ የመጣችው፣ ከዛ ወዲህ ከደጃፉ ወጥታ አታውቅም። ይሄ ሐሙስ የሚለው ነገር ምዕራፍ አንድ ላይ እግረ መንገዱን ተነግሮ አልፏል፣ ማንም ልብ አይለውም።

ምዕራፍ ሦስት ላይ፣ እዛው ቀን፣ ለቅሶ ቤት ነን። አስተማሪዋ ንፍሮ ይዛ ሰው ታያለች፣ የአንዷን አዲስ ጫማ፣ የአንዱን አለመላጨት፣ ከመንዝ ባና እያመጣ የሚሸጠው ነጋዴ ነጭ ጋቢው ላይ ግራጫ ፀጉር ተለጥፎበት ታይና በሆዷ "ይሄ ሰውዬ ልብስ የሚያራግፍለት የለም እንዴ" ብላ ታልፋለች። እናንተም ታልፋላችሁ፣ ባና የሚሸጥ ሰው ላይ የበግ ፀጉር ቢገኝ ምን ይገርማል። ሰውየው ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ሱቁን ረግጬው አላውቅም፣ ወዳጄን ሳልሰናበተው እያለ ያለቅሳል። ምዕራፍ አስራ ስምንት ላይ አስተማሪዋ ድመቷ የተኛችበትን ነጠላ ስታራግፍ እጇ ላይ የቀረውን ፀጉር ወደ መስኮቱ አቅርባ ታየዋለች። አጭር ነው፣ ቀጥ ያለ። የበግ ፀጉር ይጠቀለላል። ከዛ ሐሙስ ትዝ ይላታል፣ ከዛ ፋሲካ፣ አለቀለት።

ጨዋታው ይሄ ነው፣ መረጃው በሙሉ እናንተም እጅ ላይ ነበር ግን ወሬ መስሏችሁ ነው ያለፋችሁት። ይሄ የፍትሐዊነት ነገር በእንግሊዞቹ ዘንድ ቀልድ አልነበረም (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ በ1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባል ቄስና ደራሲ አስር ትእዛዛት አውጥቷል፣ መርማሪው ራሱ ገዳይ አይሁን፣ ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ አይደብቅ፣ እስከዛሬ ያልታወቀ መርዝ አይምጣ እያለ። በ1930 ደግሞ የወንጀል ደራሲያን ለንደን ላይ ክበብ መሥርተው አዲስ አባል ሲገባ እየሳቁም ቢሆን ያስምሉት ነበር። አጋታ ክሪስቲ የክበቡ አባል ነበረች፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ቤት ስለሠራች መርዝ ስትጽፍ እያወቀች ነው የምትጽፈው። በ1930 የመጀመሪያ ሙሉ ልብወለዷን ያገኘችው ሚስ ማርፕል የምትባለው አሮጊት ደግሞ የዚህ ዘውግ እናት ናት ማለት ይቻላል። ሴትየዋ ያላት ዘዴ አንድ ነው፣ የትም ብትሄድ ያየችውን ሰው ከመንደሯ ሰው ጋር ታስተያየዋለች፣ ይሄ ሰውዬ እንደዛ ሥጋ ሻጭ ነው፣ ይቺ ልጅ እንደዛች ሠራተኛ ናት እያለች፣ ሹራቧን እየሠራች። እኛ ሰፈር እንደሷ ያለች ሴት አጥታችሁ ታውቃላችሁ?

ሁሉም አልወደደውም። አሜሪካዊው ሬይመንድ ቻንድለር በ1944 በጻፈው መጣጥፍ እነዚህን የእንግሊዝ ሳሎን ግድያዎች ሰው ሰው አይሸቱም ብሎ አብጠልጥሏቸዋል። እውነት አለው። ግን ከሥራ ደክሞት ገብቶ ማታ ውርጩን በጋቢ እየተከላከለ የሚያነብ ሰው የአዲስ አበባን ጨለማ ጎዳና የሚመስል ታሪክ የግድ አያስፈልገውም፣ ለሱ ዜና አለ።

ወደ እንስሳቱ ልምጣ። እንስሳ ማስረጃ የሆነበት ታዋቂ ታሪክ በ1892 የወጣው የሼርሎክ ሆምስ ነው፣ ፈረስ ከጋጣው በሌሊት ሲወሰድ ውሻው አልጮኸም፣ ለምን፣ የወሰደውን ሰው ያውቀዋላ። ኮዚ ባይሆንም ነገሩን የቀደደው እሱ ነው። ድመቶቹን ገበያ ያወጣቻቸው ግን ሊሊያን ጃክሰን ብራውን ናት፣ አንድ ጋዜጠኛና የሲያም ድመት ይዛ በ1966 ጀመረች፣ እስከ 1968 ሦስት መጽሐፍ አወጣችና ከዛ እስከ 1986 ዝም። ስትመለስ ዘመኑ ደርሶላት ነበር፣ በቴሌቪዥን ከ1984 ጀምሮ አንዲት መበለት ደራሲ በየሳምንቱ ገዳይ ትይዝ ነበር፣ አስራ ሁለት ዓመት፣ 264 ክፍል (ያን ያህል ሰው የሚሞትበት ከተማ ብኖር እኔ ቤቴን ሽጬ ወጥቻለሁ)። ሪታ ሜይ ብራውን የምትባለዋ ደግሞ በ1990 የጀመረችው ተከታታይ ላይ ድመቷን አብራት እንደጻፈች አድርጋ ሽፋኑ ላይ ስሟን አስፍራላታለች።

እኔ እንስሳቱ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ወንጀል የሚመረምሩባቸውን ብዙም አልወድም። ድመት ድመት ስትሆን ነው ደስ የሚለው፣ ሳታስበው ወረቀት ትጥላለች፣ የማትወደው ሰው ሲመጣ አልጋ ስር ትገባለች፣ ከዛ የሰው ልጅ ነው የሚያስበው። ውሻ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ ሰውን ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ያለ ምክንያት ከቤት ያስወጣል፣ ሬሳ የሚያገኘው ሁሌ ውሻ ይዞ የወጣ ሰው ነው። አንድ ያልተጻፈ ሕግ ደግሞ አለ፣ ሰው ይሙት፣ እንስሳው አይሞትም። ደራሲ ድመቷን ከገደለ አንባቢ ይቅር አይለውም። እኛ ጋ ድመት ለአይጥ ውሻ ለበር ስለሆነ ይሄ መጀመሪያ ላይ ግር ይላል፣ ለእናቴ አንዱን መጽሐፍ ስተርክላት ከግድያው ይልቅ ያስደነገጣት ውሻው አልጋ ላይ መተኛቱ ነው።

መጽሐፍ ቤቱስ ለምንድን ነው? አንደኛ ማንም ሰው ሰበብ ሳያስፈልገው ይገባል፣ ቆሞ ያነባል፣ ሳይገዛ ይወጣል፣ ስለዚህ ተጠርጣሪ ለማስገባት ደራሲው አይቸገርም። ሁለተኛ ሻጩ ሰው ምን እንደሚያነብ ያውቃል፣ ስለ መርዛማ ቅጠል መጽሐፍ ማን እንደገዛ ጭምር። አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ደብዳቤ ይገኛል፣ የተሰመረበት መስመር፣ ፊርማ፣ ሰው የሚገደልበት ብርቅ ቅጂ። ካሮሊን ሃርት በ1987 የወንጀል ልብወለድ ብቻ የሚሸጥበትን ሱቅ ሳውዝ ካሮላይና ያለ ደሴት ላይ አስቀምጣ አንድ ሙሉ ተከታታይ ከዛ አወጣች። ድመቷም እዛ ለጌጥ አልተቀመጠችም፣ አይጥ ወረቀት ይበላል። ለንደን ላይ የፖስታ መሥሪያ ቤቱ በ1868 ለዚሁ ጉዳይ ሦስት ድመት በሳምንታዊ ደሞዝ ቀጥሮ ነበር፣ ቀልድ አይደለም።

የግድያው ምክንያት ብዙ ጊዜ ውርስ፣ ቤት፣ የድሮ ምስጢር ነው፣ ለሸዋ ሰው የመሬት ክርክርን ማስረዳት አያስፈልግም። መጨረሻ ላይ የምግብ አሠራር የሚለጥፉም አሉ፣ የኬኩን ዱቄት መጠን ምናምን፣ እሱን ዝለሉት። በነገራችን ላይ ከ1989 ጀምሮ ለዚህ ዘውግ በአጋታ ስም ሽልማት ይሰጣል፣ ዋንጫው የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው።

በአማርኛ ልብ አንጠልጣዩ ሞልቷል፣ ሼርሎክ ሆምስም ተተርጉሞልናል፣ እንዲህ ለስለስ ያለውን ግን ብዙ አላጋጠመኝም፣ የሚጽፍ ካለ እኔ ቀድሜ እገዛለሁ፣ የባናውን ሰውዬም በነፃ ውሰዱት። በእንግሊዝኛ ለመጀመር ቋንቋው ቀላል ነው፣ አስራ አንደኛ ክፍል የጨረሰ ይወጣዋል። ተከታታይ ከሆነ ከአንደኛው ጀምሩ፣ ግድያው እያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ ቢያልቅም የሰዎቹ ፍቅርና ኩርፊያ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። አዲስ አበባ ስትሄዱ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻዎቹ ገጾች መኖራቸውን ቁጥራቸውን ብቻ እያያችሁ አረጋግጡ፣ ጽሑፉን አታንብቡ፣ ስም ዓይን ውስጥ ከገባ አይወጣም።